እማዬ የደበቀችው ፍሪዝኛ

ሐበሻ ሁለት ዓይነት ጉዳይ አለው፤ የሚወራና “ፕሮሰስ” ላይ ያለ። የሚወራው ከጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይወራል። ፕሮሰስ ላይ ያለው ግን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን እንኳ አይወጣም፤ ከወጣ ይበላሻላ! እሁድ አጠገባችሁ ቆማ ስትዘምር የነበረችው ሴት በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ከተማ፣ ካልጋሪ ናት። ዕቃዋን መቼ እንደጫነች የሚያውቅ የለም። እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን በቡዳ አናምንም። ቢሆንም አንናገርም።

እኔ ደግሞ ቀድሞውንም አልናገርም። ዓይን አፋር ነኝ። አፌ ስለማይሠራ ዓይኔ ትርፍ ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ እማዬ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ የነቃሁት ቶሎ ነው።

ነገሩ የጀመረው በላይብረሪው ነው። ካርዷን ያወጣሁላት እኔ ስለሆንኩ መልእክቱ የሚመጣው ወደ እኔ ኢሜይል ነው። አንድ ቀን “ያስያዙት መጽሐፍ ደርሷል” አለኝ፤ ደችኛ ለጀማሪዎች። እማዬ? እንግሊዝኛን እንኳ ከሥራ ስትወጣ ከዩኒፎርሟ ጋር አውልቃ የምትሰቅለው እማዬ?

ቦርሳዋን ፈተሽኩ። (አትፍረዱብኝ፤ እናንተም ትፈትሹ ነበር።) ከምሳ ዕቃዋ ሥር በሚንቀጠቀጥ የወንድ እጅ ጽሑፍ የተሞሉ ብጥስጣሽ ወረቀቶች አገኘሁ። ከእያንዳንዱ ቃል በታች እማዬ አነባበቡን በአማርኛ ጽፋለች። ኢንተርኔት ላይ ሳስገባው ደችኛ አይደለም አለኝ፤ ፍሪዝኛ ነው፣ ሆላንድ ውስጥ ፍሪስላንድ የሚባል ክፍለ ሀገር ሰዎች የሚናገሩት። ላይብረሪ ሄጄ ፈለግኩ። ደችኛ አንድ መደርደሪያ ሙሉ አለ፣ ሲዲ ሳይቀር። ፍሪዝኛ አንድም የለም። መጽሐፉ የማይገኝ ቋንቋ የሚገኘው ከሰው አፍ ነው። ሰውየውስ ማነው?

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ገላዋን ግን አልታጠበችም። ስልክ ላይ ያልገባኝን ነገር ደጋግማ ትላለች፣ አንድ ወንድ ከት ብሎ ይስቃል።

በቃ፣ ገባኝ። ሆላንዳዊ ልታገባ ነው፣ ልንሄድ ነው። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ድምፄን አውጥቼ “አለሁ” ለማለት አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት ገና ባለፈው ሰኔ ነው። ከሰፈራችን ከክሬሰንት ታውን ነቅላ ስትወስደኝ እንደገና ዝም ልል ነው? ያውም በሁለት ቋንቋ?

ፊት ለፊት መጠየቅ ስለማልችል ወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። “ስሙ ማነው?”

እማዬ አነበበችው፣ ዞራ አየችኝ፣ ከዚያ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

“ዘጠና አንድ ዓመታቸው እኮ ነው፣ አንቺ ሞኝ!”

እሷ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፍሪስላንድ ተወልደው ያደጉ። ቁርሳቸውን ስታበላቸው ቃል ይጽፉላታል፣ ቅዳሜ ደግሞ በስልክ አነባበቧን እየሳቁ ያርሟታል፤ በነጻ የሚያስተምር ድረ ገጽም የጠቆሟት እሳቸው ናቸው።

“ለምንድን ነው ግን የምትማሪው?”

ሳቋ ቆመ። “ለናርዶስ።”

ናርዶስን እስካሁን አልነገርኳችሁም። ከእማዬ ተምሬ ነው። ናርዶስ የሟች አክስቴ ልጅ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ እዚያው ፍሪስላንድ መንደር ውስጥ ጎረቤቶቻቸው ያሳድጓታል። የምታውቀው ፍሪዝኛና ደችኛ ብቻ ነው። በበዓል በቪዲዮ እንገናኛለን፣ እኔ ፈገግ እላለሁ፣ እሷ ሶፋ ሥር ትደበቃለች። እማዬ እኛ ጋ ልታመጣት ለካ ዓመት ሙሉ ፕሮሰስ ላይ ነበረች።

“ቤቴ ገብታ የሚያናግራት ሰው ትጣ?” አለች። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። “የመምጫዋ ወረቀት ሳያልቅ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ!”

ለእኔ ነው ይህ የሚነገረው?

አልተነፈስኩም። ነገር ግን እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔም ልለማመድ ብዬ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከያዝኳቸው የሽማግሌው ወረቀቶች አንዷ ወደቀች፣ ያነሷት ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ አልማዝ ነበሩ።

“ምንድን ነው ይሄ፣ ቤዚዬ?”

“የ… የትምህርት ቤት ነው፣ እትዬ።”

ልክ እኔ እማዬን እንዳየኋት አዩኝ። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ደውለው ሶፋችንን ለማን እንደምንተው እማዬን ጠየቋት።

ያን ቀን ከሰዓት ለናርዶስ ደወልን። ስለማመደው የሰነበትኩትን ሰላምታ፣ “ጉየ፣ ናርዶስ” አልኩ። ከሶፋው ሥር አንድ ዓይን ወጣ። ቆይቶ ሁለተኛው። ግራና ቀኝ አየችና ወደ ስልኩ ተጠጋች።

“ቤዛ፣ እህቴ። ደህና ነሽ?” አለች። በአማርኛ!

እማዬ አፏን ያዘች። ማን እንዳስተማራት በእጄም በዓይኔም ጠየቅኳት።

ናርዶስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ወረቀቱ ይዘግይ እንጂ፣ ልጅቷስ የእኛው ናት።