ሰደርያ የሌለው ሁሉ ኮዮቴ ነው

በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ውስጥ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ ወረዳ፣ የአውሬ መከላከያ ቦርድ የሚባል እጅግ የተከበረ አካል ነበረ። ቦርዱ ኮዮቴ የሚባለውን፣ በግ የሚያጠፋ ቀበሮ መሰል አውሬ ለማጥመድ ያላደረገው ጥረት የለም። በሽቦ ሸምቀቆው አጋዘን ይዟል፣ ጥጃ ይዟል፣ የቄሱን ድመት ይዟል። አንድ ጊዜ የፖስተኛውን ቦት ጫማ ከነፖስተኛው ይዟል። ኮዮቴ ለመያዝ ብቻ ነበር ጊዜ ያጣው።

የቦርዱ ሊቀመንበር ክቡር ሚስተር ዋርድ ፔቲግሩ በዚህ ሁሉ ስኬት ሳይኩራሩ ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡ። ከኋላ ወንበር፣ ጭቃ የጠጣ ቦቷን እንዳደረገች፣ ኢንገር ሆቭላንድ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በጎቹን የምትጠብቀው እሷና ኦቶ የሚባል ነጭ ግዙፍ ውሻዋ ናቸው። በጎቿ እየወለዱ ነው፤ ኮዮቴዎቹም ይህን ከማንም ቀድመው ሰምተዋል። የመጣችው አንዲት ነገር ለመለመን ነበር፦ ሸምቀቆው ኦቶ በሚያልፍበት አጥር ሥር እንዳይቀመጥ።

«ክቡራትና ክቡራን፣» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ችግሩ የወጥመዱ አይደለም። ወጥመዱ የተሰጠውን ተልዕኮ በብቃት እየተወጣ ይገኛል። ችግሩ በእንስሳቱ ዘንድ የሚታየው የማንነት ግልጽነት ጉድለት ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ያልገባቸው በይበልጥ አጨበጨቡ።

«በአደን ወራት እርስ በርሳችን እንዳንገዳደል ምን እንለብሳለን?»

«ብርቱካንማ ሰደርያ!» አለ ሕዝቡ።

«ታዲያ ለእኛ የበጀን ለጥጃና ለውሻ የማይበጅበት ምክንያት ምንድን ነው?»

ኢንገር ብድግ አለች። «ዋርድ፣ ምን ነካህ? ሸምቀቆ እኮ ዓይን የለውም!»

«ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፣ ወይዘሮ ኢንገር። ዓይን እንሆንለታለን።»

ሕጉም በዚያው ዕለት ጸደቀ። በአጥር ክልል ውስጥ ያለ ሰደርያ የተገኘ ማናቸውም ፍጡር፣ መጠኑ፣ ድምፁና ዘሩ ከግምት ሳይገባ፣ ኮዮቴ ነው። ሰደርያ የለበሰ ማናቸውም ፍጡር ኮዮቴ አይደለም። የተያዘው እስኪጣራ ድረስ ታንቆ እንዳይሞት ሸምቀቆው ላይ ማገጃ ተደረገለት፤ ከተጣራ በኋላ ግን የቦርዱ አጥማጅ ክላይድ በጠመንጃው አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል። በሕጉ ከክላይድ የበለጠ የተደሰተ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ኮቴ ሲመረምር፣ ጅራት ሲለካ ኖሮ፣ አሁን ቀለም መለየት ብቻ በቃው።

ኢንገርም ሕግ አክባሪ ናትና ኦቶን ሰደርያ አለበሰችው። ኦቶ ግን በሕዝብ ስብሰባ ላይ አልተገኘም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአጥሩ እንጨት ጋር ሲታከክ ውሎ ሰደርያውን አወለቀው። አንድ ጎረምሳ ኮዮቴ ከየት መጣ ሳይባል ደረሰና፣ የውሻና የበግ ሽታው ደስ ስላለው ይንከባለልበት ጀመር። ሲነሣ አንገቱ በሰደርያው አንገት፣ እግሮቹ በሰደርያው እግር ማስገቢያ ገብተዋል። ኢንገር ከሩቅ ጮኸችበት፤ እሱ ግን እንደ ለበሰ ሄደ። ስለዚህ በወረዳው ውስጥ አዲሱን ሕግ በገዛ ፈቃዱ ያከበረው የመጀመሪያው እንስሳ ኮዮቴ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ኦቶ አጥሩ ሥር ሸምቀቆ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። ኢንገር ሮጣ ደርሳ ሽቦውን ለማላላት ስትታገል፣ ክላይድ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ሊቀመንበሩም የጋዜጣ ፎቶ አንሺ አስከትለው ከተፍ አሉ።

«ኢንገር፣ ከኮዮቴው ራቂ፣» አላት ክላይድ።

«የቱ ኮዮቴ?»

«ይሄ ያቀፍሽው።»

«ኦቶ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ከትናንት ወዲያ ከእጅህ ቋሊማ በልቷል!»

«በልቷል። ያኔ ሰደርያ ነበረው።»

ኢንገር ኦቶን አጥብቃ ያዘችው። ባሏን በቀበረች ማታ እንኳ እንዲህ አልፈራችም፤ ያን ቀን ቢያንስ ሟቹ ማን እንደሆነ ሁሉም ተስማምቶ ነበር። እጇን ወደ ዳገቱ ዘረጋች። ባለ ሰደርያው ጎረምሳ ኮዮቴ ጠቦት በአፉ ይዞ ቆሟል።

«እሱስ? ዋርድ፣ ዓይንህ ነው ወይስ ልብህ ነው የታወረው? ጠቦቴን እየበላ ነው!»

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «የሥራ ውሻ ነው፣ ወይዘሮ ኢንገር። ጠቦቱን ወደ ደኅና ቦታ እያዛወረ ነው። ክላይድ፣ ቀጥል።»

ክላይድ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ደገነ። ኢንገር ኦቶን በሰውነቷ ሸፈነችው፤ ቀና ስትል ዓይኗ ሊቀመንበሩ ላይ አረፈ። እሷም፣ ክላይድም፣ ፎቶ አንሺውም ሰደርያ አድርገዋል፤ እሳቸው ግን ከላይ እስከ ታች ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል።

«ዋርድ፣ ሰደርያህስ?»

«እ? መኪና ውስጥ ነው። ለፎቶ ፊቴን ያጠቁረዋል።»

«ከአጥሩ ውስጥ ነህ ወይስ ውጭ?»

ሊቀመንበሩ አጥሩን አዩ። ተሻግረውት ገብተዋል፤ አጥሩ ከጀርባቸው ነበር። ክላይድም ቀስ ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ጠመንጃው አብሮት ዞረ።

«ክላይድ! እኔን ታውቀኛለህ እኮ!»

«አውቅዎታለሁ፣ ጌታዬ፣» አለ ክላይድ ከልቡ እያዘነ። «ውሻውንም አውቀው ነበር።»

ቦርዱ በታሪኩ እንዲህ ያለ ፈጣን ስብሰባ አድርጎ አያውቅም። ሊቀመንበሩ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በገዛ እጃቸው ሽቦውን እያላሉ፣ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። «ይህ ፍጡር ውሻ መሆኑ ተረጋግጧል!»

«እርስዎስ?» አለ ክላይድ፣ አፈሙዙን ሳያነሣ።

«እኔም! እኔም ከዚያው ምድብ ነኝ!»

ክላይድ አመነ። ኦቶ ነጻ ወጥቶ የአዲሱን የምድብ ባልደረባውን የሊቀመንበሩን ፊት ላሰ፤ ኢንገር ውሻዋን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

ፎቶው ሐሙስ ዕለት በፊት ገጽ ወጣ። ሊቀመንበሩ ተንበርክከው በስህተት የተያዘ እንስሳ እንዴት እንደሚለቀቅ ለሕዝቡ ሲያሳዩ ይታያሉ። አንባቢዎች ግን እሳቸውን ልብ አላሉም። ልባቸው የተነካው ከኋላ፣ ዳገቱ ላይ፣ ጠቦት በአፉ ተሸክሞ ሲያድን በሚታየው ባለ ብርቱካንማ ሰደርያ ጀግና ውሻ ነው። ቦርዱም የሕዝቡን ስሜት አክብሮ ለጀግናው አዲስ ሰደርያ ሸለመ፤ የድሮው በደም ተበክሎ ነበርና። ሽልማቱን የጀግናው ባለቤት ተብላ ለተመዘገበችው ለኢንገር ያደረሰው ክላይድ ነው።

«ይሄ እኮ ከድሮው ይሰፋል፣» አለችው ገልጣ አይታ።

«ቦርዱ አስቦበት ነው፣» አላት ክላይድ። «ጀግናው ጠቦት ማዳን ከጀመረ ወዲህ ወፍሯል።»