ላይኛውን ያዩት ዶን ኤቫሪስቶ

ሻንጣ አዝሎ የደቡብ አሜሪካን ድንበሮች የተሻገረ ሰው ሁሉ ዶን ኤቫሪስቶን ያውቃቸዋል። አላውቃቸውም የሚል ካለ ወይ ድንበር አልተሻገረም፣ ወይ ራሱ ዶን ኤቫሪስቶ ነው።

ስማቸው በየአገሩ ይለዋወጣል። መፈክራቸው ግን አንድ ነው፦ «ይሄማ ምን አለው! ላይኛውን ብታዩ!» ተራራ ብታሳያቸው፣ የሚበልጠው ላይኛው አለ። ሐይቅ ብታሳያቸው፣ ላይኛው አለ። በርካሽ ማደሪያ ሌሊቱን ስታክ አድረህ ጠዋት ብታማርር እንኳ አይራሩልህም፤ «ቁንጫማ እላይ ነው ያለው!» ይሉሃል። በሳቸው ፍርድ ሆቴል የሚያድር ከሃዲ ነው፤ አስጎብኚ የሚከተል አድሃሪ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳ ደግሞ ገና ያልነቃ ምስኪን።

የዛሬው ዶን ኤቫሪስቶ የአርጀንቲናዋ ሮዛሪዮ ሰው ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ሻንጣቸው ከሳቸው የሚገዝፍ፣ ፔርሙዛቸው ከብብታቸው የማይለይ። ይህ መቅሰፍት የወረደባት ደግሞ ግሪሴልዳ የምትባል የዚያው አገር የካታማርካ ነርስ ናት።

ግሪሴልዳ ፓራጓይን ዞራ ጨርሳለች። እረፍቷ ዛሬ ያልቃል፤ ማታ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፦ ብራዚልን አቋርጣ በአርጀንቲና በኩል ኢጉዋሱ መድረስና የሰይጣን ጉሮሮ የሚባለውን ፏፏቴ ማየት። በዝምታ! ዓመቱን ሙሉ «ነርስ! ነርስ!» ሲባል የከረመ ጆሮ፣ ሰው የማያናግረው አንድ ሰዓት አይገባውም?

አይገባውም። ገና አውቶቡሱ ከፓራጓይ ሳይወጣ ዶን ኤቫሪስቶ አጠገቧ ተቀምጠው ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ አቀረቡላት። ማቴ እንግዲህ አንድ ቅል፣ አንድ የብረት መምጠጫ፣ ለሁሉም በየተራ ነው። ቅሉን ስትመልስ «አመሰግናለሁ» ካልክ፣ በቃኝ፣ ከእንግዲህ አትቁጠሩኝ ማለትህ ነው። ከኋላቸው የተቀመጠ ጨዋ ጀርመናዊ ገና በመጀመሪያው ቅል «አመሰግናለሁ» ብሎ እስከ ድንበር ጉሮሮው ደርቆ ተጓዘ። ለምን እንደዘለሉት እስካሁን አልገባውም።

ግሪሴልዳ ግን ይገባታል። ቃሉን እንደ መርፌ አዘጋጅታ ያዘች። አንድ ቅል ትጠጣለች፣ ቃሉን ትወጋለች፣ ትገላገላለች።

የድንበሩ ድልድይ ላይ ቅሉን ልትመልስ ስትል ሰውየው ተነስተው ሾፌሩ ላይ ጮኹ።

«አቁም! ፓስፖርቱን ማኅተም ሳያስመታ ብራዚል የሚገባ ማነው?»

«ሽማግሌው፣ እዚህ ማንም አይወርድም። ከወረዱ አልጠብቅዎትም!» አለ ሾፌሩ።

«አንተ ጡት ሳትጥል ነው እኔ ይህን ድልድይ የማውቀው! ነይ ልጄ፣ ውረጂ። ሕግ ሕግ ነው!»

ሻንጣዋን ቀድመው አወረዱት፤ እሷም ተከተለች። ማኅተም ተመታ። ሲመለሱ አውቶቡሱ የለም።

«ሄደኮ!» አለች ግሪሴልዳ።

«ይሄማ ምን አለው! እላይ በረሃ ላይ ጥሎኝ የሄደውን ብታዪ!»

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ የፏፏቴው መናፈሻ ይዘጋብኛል! ማታ እሄዳለሁ አልኩዎት እኮ!»

«ፏፏቴ የት ይሄዳል? ማቴ ጠጪ።»

በፀሐይ ቆመው ጠጡ። የሚቀጥለው አውቶቡስ ሲመጣ ቀኑ ተገባዷል። የአርጀንቲና ፈታሽ የሽማግሌውን ሻንጣ ከፍቶ፣ የፓራጓይ የአይብ ዳቦ ከካልሲ ጋር ተጠቅልሎ ሲያይ፣ አልተቆጣም፤ ሳቀ።

«ዶን ኤቫሪስቶ! ዛሬስ ሰው አገኙ?»

ሰውየው አሳላቸው። ከዚያ ስለ ዳቦና ስለ ድንበር ሕግ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ግሪሴልዳ ግን ንግግሩን አልሰማችም። «ሰው አገኙ?» የሚለው ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

መናፈሻው ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ወደ ጉሮሮው በሚወስደው የብረት ድልድይ ላይ ተሯሯጡ፤ ማለትም እሷ ሮጠች፣ እሳቸው እያስረዱ ተከተሉ። ወንዙ ከየት እንደሚነሳ። ድልድዩን ስንቴ ጎርፍ እንደወሰደው። ላይኛው እንዴት እንደሚበልጥ።

ከዚያ ምድሩ አለቀ። ወንዙ እንዳለ፣ በአንድ አፍ፣ ገደል ገባ። ነጭ የውሃ ጭስ ወደ ላይ ተነነ፤ ሹራቧ፣ ፀጉሯ፣ ሽፋሽፍቷ ራሰ። ጩኸቱ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። ዞር ስትል የዶን ኤቫሪስቶ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ሦስት አገር ዝም ማሰኘት ያቃተውን ሰው ውሃ ዝም አሰኘው!

የተመኘችው ሰዓት ይኸው ነበር። እስኪበቃት ውሃውን አየች። አለቀሰችም መሰለኝ፤ እዚያ ግን እንባን ከጭሱ የሚለይ የለም።

ትከሻዋን ነካ አደረጓት። ቅሉ ነው። ተቀብላ ጠጣች፣ እስከ አተላው። ከጠዋት ያቆየችው ቃል ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ቀና ስትል ዶን ኤቫሪስቶ ለፏፏቴው ጀርባቸውን ሰጥተው አፏን ያያሉ፤ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ። ይህን አስተያየት ግሪሴልዳ አትስተውም። ሆስፒታል ሌሊት ሌሊት የምታድረው ከዚህ ዓይነት ዓይን ጋር ነው።

አፏን ገጠመች። «አመሰግናለሁ» ሳትል ባዶውን ቅል ዘረጋችላቸው።

ሰውየው ፊታቸው በራ። ፔርሙዛቸውን ከብብታቸው አወጡና፣ ያንን የጉድ ውሃ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ እየጠቆሙ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ምን እንዳሉ ለማወቅ ጆሮ አላስፈለጋትም።

«እሺ፣ ላይኛው የት ነው?» ብላ ጆሯቸው ውስጥ ጮኸች።

በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ድንበር፣ ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። ዶን ኤቫሪስቶ ፔርሙዙን እንደያዙ አሰቡ። አሰቡ፣ አሰቡና ዘወር ብለው ፏፏቴውን አዩት።

ከዚያ ቅሉን ሞሉላት።