የሃያ ሰባት ዓመቱ ዶክተር ገሪማ

በዲላ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኘው የምርምር መሥሪያ ቤታችን ችኮላን ተጠይፎ የኖረ የተከበረ ተቋም ነው። ከግቢያችን የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በአራት ጠረጴዛ ያልፋል፤ በአራት ጠረጴዛ ያለፈ ወረቀት ደግሞ ስህተት ሊኖርበት አይችልም። እኔ የኮሚቴዎች ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአለቆቼ አፍ የሚወጣውን ቁም ነገር ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ሁሉ ፊርማ ያረፈበት ነው።

በጥቅምት ወር ከባሕር ማዶ አንድ ጥሪ ደረሰን። የሞቃት አገር በሽታዎችን የሚያጠኑ፣ ዕድሜያቸው ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ ወጣት ሳይንቲስቶች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እንዲመራመሩ ገንዘብ ይሰጣል ይላል። ከአንድ ተቋም አንድ ወጣት ብቻ ይቀርባል። ከወጣቱ ጎን ደግሞ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ አማካሪ ይመዘገባል።

በመሥሪያ ቤታችን ይህን መስፈርት የምታሟላ አንዲት ሰው ነበረች። ኤልቤቴል ትባላለች፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ትሠራለች። ሦስት ዓመት ባንኮ ጎቲቲ ወደሚባል የገጠር ቀበሌ እየተመላለሰች የተማሪዎችን ሰገራ መርምራለች። ልጆቹ በየዓመቱ የትል መድኃኒት ይውጣሉ፤ እሷ ግን ከዋጡም በኋላ ደም መጣጩን ትል ሆዳቸው ውስጥ አገኘችው። መድኃኒቱ መሥራት አቁሞ እንደሆነ የሚታወቀው እኛ ዘንድ በሌለ መሣሪያ ነው። ይህ እስኪታወቅ ልጆቹ ገርጥተው ዴስክ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ኤልቤቴል በመጋቢት ሠላሳ አምስት ይሞላታል፤ ይህ ጥሪ ካመለጣት ሌላ የለም።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ለአንዲት ልጅ ብቻ አይተውምና ኮሚቴ ተሰበሰበ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ገሪማ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ወጣትነት የአመለካከት ጉዳይ እንጂ የዕድሜ ጉዳይ አለመሆኑን፣ ይህን የሚያህል ሸክም በልጅ ትከሻ ላይ መጫን ልጅቷን መበደል መሆኑን፣ ስለዚህም እሳቸው ራሳቸው መሥዋዕት ለመሆን መወሰናቸውን ገለጹ። መሥዋዕትነቱ የአውሮፕላን ትኬት እንዳለው ማንም አላነሳም።

«ዶክተር፣ ጥሪው ከሠላሳ አምስት በታች ነው የሚለው» አለች ኤልቤቴል።

«ስንት እመስላለሁ?»

ኮሚቴው በዚህ ነጥብ ላይ በጥልቀት ከተወያየ በኋላ ሠላሳ አራት እንደሚመስሉ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። አማካሪ ማን ይሁን ሲባል ግን እያንዳንዱ ጎረቤቱን ጠቆመ፤ ከአማካሪው ስም አጠገብ ስለ አበል የተጻፈ ነገር አልነበረማ። በመጨረሻ ኤልቤቴል ቅር እንዳትሰኝ አማካሪነቱ ለእሷ ተሰጠ። ጥናቱን ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ነጥብ የጻፈችው እሷ ስለነበረች፣ ከላይ ያለውን ስም መቀየር ብቻ በቂ ሆነ።

ዶክተር ገሪማ ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ቅጹ ላይ የተወለዱበትን ዘመን በገዛ እጃቸው ሚያዝያ 1966 ብለው ሞሉ። የቀረውን ተሞክሯቸው ይናገራል አሉ።

ቅጹ መጀመሪያ የደረሰው ጸሐፊያቸው ሙሉነሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙሉነሽ ፈረንጅ በራሱ አቆጣጠር እንደሚያነብ ታውቃለች፤ ስምንት ዓመት ደምራ 1974 አለችው። በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። የሰው ሀብት ኃላፊው ግዛቸው ደግሞ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ወረቀቱ ወደ ውጭ የሚሄድ መሆኑን አይቶ፣ ሙሉነሽ ረስታዋለች ብሎ ስምንት ደመረበትና 1982 አደረገው። የውጭ ግንኙነት ባለሙያው ይህ የእኔ ሙያ ነው ብሎ ስምንት ጨመረ። የዕቅድ ክፍሉም ሳላርም ባሳልፈው እጠየቃለሁ ብሎ ስምንት ጨመረ። እያንዳንዱ ከጨመረ በኋላ ፈረመ፣ ማህተሙንም ረገጠበት። ዶክተር ገሪማ ከሙሉነሽ ቢሮ በወጡ በሦስተኛው ቀን 1998 ተወልደው ከዕቅድ ክፍል ወጡ።

የኤልቤቴልን የልደት ዘመን ግን ማንም ለመመንዘር አልተጨነቀም። በእኛው አቆጣጠር 1983 እንደሆነ ቀረና፣ በፈረንጅ ዓይን የአርባ ሁለት ዓመት ሴትዮ ሆነች።

ማመልከቻውን በኢንተርኔት እንድትልክ የታዘዘችው እሷ ነበረች። ከመላኳ በፊት ወረቀቱን ይዛ ኃላፊው ቢሮ ገባች። እኔም ቃለ ጉባኤ ላስፈርም እዚያው ነበርኩ።

«ዶክተር፣ የልደት ዘመንዎ ተሳስቷል። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ሆነዋል።»

«አራት ባለሙያ አይቶታል አይደል?»

«አይቶታል። የእኔም ተሳስቷል።»

«ያንቺን ማን ያየዋል?» አሉ። «አሠራር አታበላሺ። ላኪው።»

ላከችው። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ይህ ግን በአጀንዳ ስላልተያዘ አልጻፍኩትም።

በጥር መልሱ መጣ። አምስት ፕሮፌሰሮች ማመልከቻውን በአድናቆት ማንበባቸውን፣ በተለይም በሰባት ዓመቱ ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘ አመልካች በዘመናቸው ገጥሟቸው እንደማያውቅ ገልጸው ዶክተር ገሪማን መርጠዋል። ከአምስቱ አንዱ እንኳ በጣቱ አልቆጠረም። ስለ ፕሮፌሰሮቹ ያለኝ አክብሮት ጨመረ፤ እነሱም ጋ አራት ጠረጴዛ እንዳለ ገባኝ።

በሆቴል የሽኝት ግብዣ ተደረገ። ዶክተር ገሪማ የብርድ ካፖርት ገዝተው፣ ዲላ በዚያ ወበቅ እያላባቸው ለብሰውት መጡ። «እኛ ወጣቶች» ብለው የጀመሩት ንግግር አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ሙሉነሽ የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽ ማንም እንዳላነበበው አስታወሰችና ጮክ ብላ አነበበችው።

ወጣቱ ተመራማሪ ሙያውን ከሥሩ እንዲማር አሥራ አራት ወር መስክ ላይ ይቆያል፤ የተማሪዎችን ሰገራ በየቤቱ እየዞረ በገዛ እጁ ይሰበስባል፤ በየሳምንቱም ለአማካሪው ሪፖርት ያደርጋል። ዕድሜው ገና ለጋ ስለሆነ ናሙናውን ይዘው ወደ ባሕር ማዶው ላቦራቶሪ የሚሄዱት፣ ምርመራውንም የሚመሩት፣ በየሩብ ዓመቱ ስለ ልጁ ጠባይና ዕድገት የሚመሰክሩት በሳሏ አማካሪ ናቸው።

ዶክተር ገሪማ ካፖርታቸውን አወለቁ። በማግስቱ ማለዳ ግዛቸውን አስጠሩት።

«እኔ እኮ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ አስተካክሉልኝ» አሉት።

«ዶክተር፣ እንዲህ ከሆነ አራት ክፍል ተሳስቶ ማህተም ረግጧል ልንል ነው» አለ ግዛቸው። «ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ማህደርዎ ላይ ሃያ ሰባት ነዎት።»

ገንዘቡን እንዳይመልሱ ደግሞ ዜናው በዞኑ ስብሰባ ላይ ተነግሮ፣ ተጨብጭቦለት ነበር። ስለዚህ ቦት ጫማ ገዙ። ባንኮ ጎቲቲ የሚያወጣው መንገድ ዝናብ ሲመታው ሞተር ሁለት ጊዜ ጣላቸው፤ የቀረውን በእግራቸው ወጡት። በደረሱበት የመጀመሪያ ቤት እናትየዋ የልጇን ናሙና ልትሰጣቸው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

«አባቴ፣ አንተ ይሄን የሚያህል ትልቅ ሰው ለልጅ ሰገራ ነው የመጣኸው? ቢሮ ሌላ ልጅ የለም?»

«ልጁ እኔ ነኝ» አሉ ዶክተር ገሪማ።

እውነቱን ለመናገር በደንብ ሠሩ። በአራት ወር ውስጥ የሦስት መቶ ልጆች ናሙና ገባ። ኤልቤቴል ይዛው ሄደች፤ የልጆቹ ትል በእርግጥ መድኃኒቱን የለመደ መሆኑን አረጋገጠች፤ በሚቀጥለው ዙር ሌላ መድኃኒት እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ደስ አለኝ፤ ይህን በግሌ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት የሁለተኛው ሩብ ዓመት ምስክርነት ከእሷ ደረሰ፤ ለማህደር የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ጥያቄው «ወጣቱ ወደፊት ተቋም ለመምራት የሚያበቃ ተስፋ ይታይበታል?» ይላል። ከሥሩ በኤልቤቴል እጅ የተጻፈው መልስ ይኸው፦

«ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲታዘዝ ይሰማል። ለመምራት ግን ገና ነው። ሁለት ዓመት ተጨምሮለት እዚያው መስክ ላይ ቢቆይ ሰው ይሆናል።»