የባግዳድ ጦርነትና የልጄ ሽማግሌዎች

በሩቅ አገር ትልቅ ጦርነት ሲጀመር አንዳንድ አገሮች ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኛ ገለልተኛ ነን» ይላሉ። መግለጫውን በሬዲዮ ስትሰሙት ስለ ሰላም፣ ስለ መርህ፣ ስለ ሰው ልጅ ወንድማማችነት ብዙ ያወራል። አትመኑት። እኔ ቴፒ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እኔን ስሙኝ። ገለልተኛ አገር ማለት ነዳጁን ከአንደኛው ተዋጊ፣ ስንዴውን ከሌላኛው የሚገዛ አገር ነው። አንዱን ቢያስቀይም ወይ መኪናው ይቆማል ወይ እራቱ ይቀራል። መርሁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ እኔ ራሴ አንድ ሰሞን አገር ሆኜ አይቼዋለሁ።

አሜሪካ ባግዳድን መደብደብ በጀመረችበት ሰሞን የበኩር ልጄ ጌጫ ከተማ ካለች ነርስ ጋር ክፉኛ ተዋዶ ነበር። እሷን ካላገባሁ ብሎ ምግብ ሁሉ ቀነሰ። አባቷ ደግሞ ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ አይሰጡም፤ ሽማግሌውም ብቻውን ከመጣ ከደጅ ይመልሱታል ተባለ። ስለዚህ ሁለት የተከበሩ ጎረቤቶቼን ለመንኩ፤ ጡረታ የወጡትን ሃምሳ አለቃ ደምሴንና የቡና ነጋዴውን አቶ ማቴዎስን። እሺ አሉኝ። እሁድ ሊሄዱ ሐሙስ ዕለት ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ሥር ተቀመጡና ተጣሉ።

ሃምሳ አለቃ «ጉልበተኛ ደካማውን ሲደበድብ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው» አሉ። አቶ ማቴዎስ «የባግዳዱ ገዥ ሕዝቡን ያስለቀሰ ነው፤ ይነሳ» አሉ። ባግዳድ በየት በኩል እንደሆነች ሁለቱም በቅጡ አያውቁም፤ አንድ መኪና ውስጥ አብረን አንገባም ማለቱን ግን አወቁበት።

በማግስቱ ተራ በተራ ደጄ መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «መምህር፣ አንተ ከማን ጋር ነህ?» ለአንዱ ካደላሁ ሌላው ይቀራል፤ ሌላው ከቀረ ልጄ ሚስት የለውም። ደረቴን ነፋሁና ለሁለቱም «እኔ ገለልተኛ ነኝ» አልኳቸው፤ ስለ ሰላምና ስለ መርህም ጨመርኩበት። ሁለቱም አኩርፈውኝ ሄዱ።

አበቃልኝ ብዬ ሳለ፣ እሁድ ጠዋት በመስኮት ሳይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው እኔን እያሙ መኪና ይጠብቃሉ። «የተማረ ሰው እንዴት አቋም ያጣል?» ይላሉ አቶ ማቴዎስ። «ይተዉት፣ እሱ ድሮም እንዲህ ነው። ልጁ ግን ምን በደለ?» ይላሉ ሃምሳ አለቃ። እኔን እየቦጨቁ፣ በፍቅር ጌጫ ገቡ።

እዚያም፣ ሽማግሌ ተቀመጡ እስኪባል ይቆማልና፣ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። የልጅቷ አባት «የልጁ አባት እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ። እዚህ ጋ ነበር ማሞገስ። የእኔዎቹ ግን ንዴታቸው አልበረደም፤ ባንድ አፍ «ደህና ሰው ነው፤ ግን ጠብ ሲነሳ ከማንም ጋር አይቆምም» ብለው ዘረገፉት።

ሰውየው ይህን ሲሰሙ ወደ ሚስታቸው ዞሩ አሉ። «ሰማሽ? ልጃችን ከባሏ ጋር ስትጣላ ለልጁ የማያደላ አማት አገኘን» አሉና፣ ሽማግሌዎቹን «ምን ያቆማችኋል፣ ተቀመጡ እንጂ» አሏቸው።