ተረፈ ባዶ እጁን የመጣበት ገና

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ። ዓመቱን ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር እየጠጣ፣ የጫማውን ሶል ደጋግሞ እያስለጠፈ ይከርምና ታኅሣሥ ሲገባ ልቡን ይስታል። ያገኘውን ሁሉ ለዘመድ የገና ስጦታ ገዝቶ ይጨርሳል። በእኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ አዝናለሁ፤ ሰውየው እናንተ ናችሁ።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሱት ክቡር ደጃዝማች ተረፈ ዘካርቶን ናቸው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ መንግሥት አያውቀውም። አንድ የገና ዋዜማ ቤተሰቦቼ በሚኖሩበት በአንጋጫ ከአውቶቡስ ጣራ ካርቶን በካርቶን ላይ ሲያስወርዱ ቆይተው፣ የመጨረሻውን አቅፈው ፊታቸው ሳይታይ ሲራመዱ ባየሁ ጊዜ ነው የሾምኳቸው። አንቱታው ስለሚከብደኝ ከዚህ ወዲያ ላውርደው። ተረፈ ሆሳዕና ከተማ፣ ጋሽ ቃሲም የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። የእህቴ የጣቢታ እጮኛም ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን አይተው እንደሆነ አላውቅም፤ ከእሱ እጅ የተረፈ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

በረንዳ ላይ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ፈተናው ብዙ ነው፤ ሱቁ የገባ ጨርቅ ሁሉ በአፍንጫው ሥር ያልፋል። ጋሽ ቃሲም አዲስ ጣቃ ሲተረትሩ ተረፈ የመኪናውን መርገጫ ያቆማል።

«ይቺ ለእቴ ገነቴ ነች» ይላል። እቴ ገነቴ የእኔ አክስት ናት፤ የእሱ አይደለችም። «ጋሽ ቃሲም፣ ከእሷ ቁረጥልኝ።»

«ተረፈ፣ ትናንትም ለእሷ አስቆርጠሃል እኮ» ይሉታል ጋሽ ቃሲም፣ መቀሱን እያነሡ።

«በዓመት አንዴ እኮ ነው!»

ይህቺ ቃል የተረፈ ጸሎት ናት። ተጠይቆ ሌላ መልስ የሰጠበትን ቀን አላስታውስም።

በእኛ አገር መስቀል የሆድ በዓል ነው። ቅቤውን ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ፣ በሬውን ወንዶቹ ተባብረው ያርዳሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጎዳበት መንገድ የለም። ገና ግን ወንጌል ከገባ ወዲህ የልብስ በዓል ሆኗል፤ ጠዋት በአሮጌ ልብስ ቤተ ክርስቲያን መግባት ያሳፍራል። የዘመድ አቆጣጠራችን ደግሞ አለላችሁ። የአንድ ሰው እናት የወለደችው ብቻ አይደለችም፤ የእናቱ እኩዮች ሁሉ እናቶቹ ናቸው። ለእናቱ ሻሽ የገዛ ሰው ለመንደሩ ሁሉ ሊገዛ ነው። ሌሎቻችን ይህን ስለምናውቅ እናታችንን ጓዳ አስገብተን፣ በሩን ዘግተን ነው የምንሰጣት። ተረፈ ግን ደጅ ላይ ቆሞ፣ እየተጣራ ያድላል።

ሌላም ጉድ አለው። የቤታችንን ልጆች ልብስ የሚሰፋው ባለፈው ገና ባያቸው ቁመት ነው። ልጅ ደግሞ ደጃዝማችን ቆሞ አይጠብቅም፣ ያድጋል። ስለዚህ የትልቁ ሱሪ ለመካከለኛው፣ የመካከለኛው ለትንሹ ይወርዳል፤ ትልቁ ያለ ምንም ቀርቶ ያለቅሳል። ይሄኔ ክቡርነታቸው ወደ አንጋጫ ገበያ ይሮጣሉ። ተሯሩጦ የተገዛ ነገር ምን ጊዜም ከመጀመሪያው ይወደዳል።

አንድ ገና ለእቴ ገነቴ ጃንጥላ አመጣላት፤ ጠብታ በማይወርድበት በበጋ! እሷም ቤት ውስጥ ዘርግታው ምሳዋን በላች። ለአጎቴ የቆዳ ጫማ ገዛለት። አጎቴ ጫማውን በእጁ ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄደ፣ እዚያ አጠለቀው፣ ስብከቱ እስኪያልቅም ፊቱን አጨማድዶ ተቀመጠ። ሰባኪው ነገሩ የነካው መስሎት ስብከቱን አስረዘመው። ለላማችን ቃጭል አምጥቶላታል። «ወተቷን ስጠጣ አልነበር?» አለ። የአውቶቡሱን ረዳት እንኳ ካልሲ ሰጥቶታል፤ «እሱ ባያመጣኝ በምን እመጣ ነበር?» ብሎ። ሲመለስ ግን በእግሩ ነው፤ ከአንጋጫ ሆሳዕና ድረስ እያፏጨ።

ለእኛ ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፤ ለጣቢታ ግን አልነበረም። ተረፈ ሆሳዕና ላይ የጀመረው ቤት ግድግዳው ከቆመ ቆይቷል። ጣራው ግን በየዓመቱ ሻሽና ሱሪ ሆኖ አንጋጫ ይሄዳል። ላዩን በእንሰት ቅጠል ቢሸፍነው ክረምቱ አንዱን ግድግዳ አጥቦ ወሰደው። አባቴ አቶ አበራ የምእመናኑ ሽማግሌ ነው፣ ቃሉን አያጥፍም። «ዘንድሮ ገና ሲመጣ ያ ቤት ቆርቆሮ ካልለበሰ ጣቢታን አልሰጥም» አለ። «ከዶዮገና ባለ ቆርቆሮ ቤት ሰው ሽማግሌ ልኮ እየጠበቀ ነው።»

እኔ ሆሳዕና አስተማሪ ነኝ። ጣቢታ በገበያ ቀን ቤቴ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ያን የዶዮገናውን ሰው አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ሲስቅ እንኳ ይቆጥባል።» እንባዋ መጣ። «ተረፈን ጠብቅልኝ።»

ጠበቅሁት። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ በረንዳው ላይ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ጣቃ ሲተረተር ጋቢዬን ራሱ ላይ እጥልበታለሁ። የስፌት መኪናውንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ጋሽ ቃሲም ቅር አላቸው፤ «መምህር፣ ወላሂ ሱቄን ዘጋኸው!» አሉኝ። እኔ ግን ልቤን አደነደንኩ። የፈረሰው ግድግዳ ተጠገነ፣ ቆርቆሮው ተገዛ፣ ተጫነ፣ ተመታ። ፀሐይ ስታርፍበት ከመናኸሪያው ድረስ ያበራ ነበር።

ተረፈ ግን ቀና ብሎ አላየውም።

«አማቼ፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ወጥተው ነው የሚጠብቁኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ምን እላቸዋለሁ?»

«ቆርቆሮ ገዛሁ በላቸው።»

«ቆርቆሮ ገና ጠዋት ይለበሳል?» አለና ባዶ መዳፎቹን ማየት ጀመረ።

ያንን ፊት ተሸክሜ ማደር አቃተኝ። በማግስቱ ደመወዜን ተቀብዬ፣ ተረፈ ጸጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ ሳለ፣ ሱቁ ገባሁ። ለእናቴ አንድ ሻሽ ብቻ ልገዛ ነበር። ከዚያ የእናቴ እኩዮች ትዝ አሉኝ። ከዚያ ልጆቹ። «ሰፋ ሰፋ ያለውን ሹራብ ይስጡኝ፣ ያድጋሉ» ስል እሰማለሁ። ከዚያ ለአባቴ ባርኔጣ። ጋሽ ቃሲም ወንበር ላይ ወጥተው እያወረዱ፣ «መምህር፣ ይበቃሃል፣ ምን ትበላለህ?» አሉኝ። ነጋዴ እንዲህ ሲል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

«በዓመት አንዴ እኮ ነው!» አልኳቸው። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከወንበሩ ወረዱ።

ካርቶኑን ለረዳቱ አደራ ሰጥቼ ጣራ ላይ አስጫንኩት። ተረፈ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አንጋጫ ስንወርድ ልጆቹ እየጮኹ መጡ። እጁን አዩ። አንዷ በጀርባው በኩል ዞራ፣ «እዚያም የለም» ብላ ለሌሎቹ ነገረቻቸው። እሱ ልጆቹን አንድ በአንድ እየሳመ ሲቆይ እኔ ወደኋላ ቀርቼ ካርቶኑን አስወረድኩ፤ ቤት ስንደርስም ከጓሮ እንሰቱ ሥር ሸሸግሁት። ለብቻው ሳገኘው እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር።

አባቴ ወንበሩ ላይ ተኮፍሶ ጠበቀን።

«ጣራው?»

«ተመታ፣ አባባ» አለ ተረፈ።

«በሙሉ?»

«በሙሉ።»

«ደግ።» አባቴ የተረፈን እጅ አየ። «ሌላስ?»

«ሌላ... ዘንድሮ የለም።»

አባቴ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ተነሣ። «ሰው ለገና ባዶ እጁን ዘመድ ጋ ይገባል? ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ቆመው! እኔ ልጄን ለቋጣሪ አልሰጥም!»

ኋላ እንደ ሰማነው አባቴ ተረፈን ተማምኖ አሮጌ ባርኔጣውን ለአጎቴ ሰጥቶት ኖሯል። ስለ ቁጠባ ሲመክረን የከረመው ሰው አዲስ ባርኔጣ በባዶ ራሱ ነበር የሚጠብቀው።

ጣቢታ ከጓዳ ወጣች። «አባባ፣ ቆርቆሮ አላልክም?»

«ቆርቆሮ አልኩ። ባዶ እጅ አልኩ?»

ማንም አልሳቀም፤ አባቴ አንዴ የተናገረውን መልሶ እንደማያነሣ ሁላችንም እናውቃለን። ተረፈ ኮቱን ከማንጠልጠያው አነሣ። ጣቢታ እጅጌውን ስትይዘው አየሁና በጓሮ ወጣሁ።

«ተረፈ!» አልኩ ካርቶኑን ወለሉ ላይ እየጣልኩ። «ይኸው የረሳኸው! አውቶቡስ ላይ ትተኸው ወርደህ ረዳቱ ነው የሰጠኝ። ጣራ ሲያስመታ ከርሞ እኮ ደክሞታል፣ አባባ።»

ተረፈ አፉን ከፈተ። «አማቼ፣ ይሄ እኮ የእኔ...»

እግሩን ረገጥሁት። አሁንም ሊናገር ሲል በደንብ ረገጥሁት።

ቤቱ ተገለበጠ። ሹራቦቹ ልጆቹን እስከ ጉልበታቸው አለበሷቸው፤ እጃቸው እንኳ አይታይም፣ እጅጌውን እያወናጨፉ ደጅ ለደጅ ሮጡ። የመንደሩ እናቶች ወሬው ሳይጠራቸው ደረሱ። ተረፈ መጀመሪያ በግዴታ፣ ኋላ እንደ ልማዱ እየጮኸ አደለ፤ ሻሹን በየሰው ራስ ላይ ራሱ እያሰረ፣ «አምሮብሻል! ዞር በይ እስቲ!» እያለ። ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት። ያው ጨርቅ በእኔ እጅ ቢሰጥ ጨርቅ ብቻ ነበር።

አባቴ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በመስተዋት ግራና ቀኙን አይቶ፣ «ሠርጉ የካቲት ላይ ይሁን» አለ።

እናቴ አዲሱን ሻሿን እያስተካከለች ወደ እኔ ዞረች። «ተገኘ፣ ልጄ፣ አንተስ ምን አመጣህ?»

ሁሉም እጄን አዩ።

«የመንግሥት ደመወዝ እየበላህ!» አለች እቴ ገነቴ። «ልብስ ሰፊው እንኳ እንዲህ ሲያደርግ!»

ተረፈ ሊነሣ ሲል እግሬን አሳየሁት፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ጣቢታ ሁሉንም ነገር ገብቷት አጠገቤ መጥታ ክንዴን ይዛ ቆመች።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ለጸሎት ቆመ። ለተረፈ ጸለየ፣ ለጣቢታ ጸለየ፣ ለቆርቆሮው ጸለየ። እኔ ጋ ሲደርስ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ጌታ ሆይ» አለ፣ «የዚህንም ልጅ እጅ ፍታለት።»

ቤቱ ሙሉ «አሜን» አለ። እኔም ከልቤ አሜን አልኩ።