የባሌን ክሬዲት ልወርስ ሄጄ

ዛሬ ሟች ባለቤቴን ከኮሌጅ ላስባርር ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አዎ፣ ሟች። በትክክል አንብባችኋል።

ባለቤቴ ሀቢቾ ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ ሆሳዕና፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሶሲዮሎጂ ይማር ነበር። ዲግሪውን ሊጨርስ አንድ ሴሚስተር ሲቀረው አረፈ።

ባል ሲሞት የእድር አባልነቱ ወደ ሚስት ይዞራል። የእኛም ዞሯል፤ ማመልከቻ እንኳን አልጠየቁኝም።

እኔም አሰብኩ። እድሩ ከዞረ የትምህርት ክሬዲቱስ ለምን አይዞርም?

አትሳቁ። ስንት ዓመት የተከፈለበት ትምህርት ነው። ሞጁሎቹን እኔም አንብቤያቸዋለሁ። የጀመረውን ጨርሼ ዲግሪውን ከፎቶው ጎን ልሰቅል ፈለግኩ። ምኞቴ ይኸው ነበር።

ብቻዬን መሄድ አልሆነልኝም። የእድራችንን ዳኛ አባባ ላምቤቦንና ጸሐፊውን ይዤ፣ ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ሄድን። ሬጅስትራር ቢሮ ሽማግሌ የላከ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ።

ሬጅስትራሩ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። ተነስቶ ወንበር ሰጠን። አባባ ላምቤቦ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልክ ልጃገረድ ሊጠይቁ እንደመጡ፣ "ልጄ፣ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው" ብለው ጀመሩ።

ልጁ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"አባባ፣ በመመሪያችን ክሬዲት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።"

"ባልና ሚስት እኮ ናቸው!"

"ቢሆንም፣ የተማሩት ባለቤታቸው ናቸዋ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ።

ዝም አላልኩም!

"አሳይመንቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ። በኩራት!

የእድሩ ጸሐፊ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"እናቴ" አለኝ ልጁ ቀስ ብሎ፣ "አሳይመንቱን በሌላ ሰው ያሠራ ተማሪ ውጤቱ ይሰረዛል። ይባረራልም።"

አባባ ላምቤቦ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "የቀበርነውን ሰው ከየት ነው የምታባርሩት?"

ልጁ ወደ ማን እንደሚያይ ጠፋው። በመጨረሻ "አልሰማሁም ልበል" አለና የባለቤቴን ፋይል ወደ እኔ አዞረልኝ። "ብቻ ይህን ይዩት።"

አየሁት።

ፈተና፣ ራሱ ተቀምጦ የሠራው፦ ከሃምሳ አርባ ስድስት። አርባ ሰባት። አርባ ስድስት።

አሳይመንት፣ የእኔ፦ ከሃያው ዘጠኝ። ስምንት። ዘጠኝ። አንዱ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ አለ፤ መምህሩ በቀይ "ምን ለማለት ነው?" ብሎበታል።

ወረቀት በተመለሰ ቁጥር "እንዴት ሆንን?" እለው ነበር። ወረቀቱን ሳያሳየኝ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" ይለኛል። እኔም አምኜ ለሚቀጥለው ብዕር አነሳለሁ። ራሱ ቢጽፈው ኖሮ በአንድ ሰዓት ይጨርሰው ነበር። እኔ ሳምንት ነበር የምፈጅበት።

የሚወስዳቸው ወረቀቶች ሁሉ የእኔ መሆናቸውን እንጂ፣ ውጤቴን ሁሉ በስሙ እንደተሸከመልኝ አላወቅኩም።

ክሬዲቱ አልዞረም። የሚሰቀል ዲግሪ የለም። የእሱ ውጤት ግን እንዳለ ነው። አባባ ላምቤቦ በር ላይ ቆመው "እንግዲህ ከመጣን አይቀር" አሉኝ፤ አንደኛ ዓመት ተመዝግቤ ወጣሁ። በራሴ ስም።

ከእንግዲህ ከሃያው ዘጠኝ ሳመጣ ወረቀቱ የሚደርሰው በቀጥታ እጄ ላይ ነው። እናንተ የተማራችሁ፣ ይህን እንዴት ነው የቻላችሁት?