የጋሼ ታፈሰ ምንሽር ወታደር ነው ወይስ ሲቪል?

የጦር ጠመንጃና የአደን ጠመንጃ በምን እንደሚለያዩ ብትጠይቁኝ ከማንም በተሻለ እነግራችኋለሁ። አትሳቁ። ሽሮ ሜዳ ጥለት የምትሸጥ ሴት ስለ ጠመንጃ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ፣ ከእህቴ ከአስካለና ከባሏ ከጋሼ ታፈሰ ጋር አንድ ቤት የኖረ ሰው ይህን ሳይማር አይወጣም።

ጋሼ ታፈሰ አናጢ ነው። አባቱ ያወረሱት አንድ ምንሽር አለው፣ ከአልጋው በላይ የተሰቀለ። እህቴን ቆንጆ ነሽ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ጠመንጃውን ግን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቅባት እየቀባ ሲያቆላምጠው፣ እኛ ከክፍሉ መውጣት ያለብን ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። የጦር መሣሪያ ያለው ያስረክብ፣ የአደን መሣሪያ ያለው ግን አስመዝግቦ ይያዝ ተባለ። ሕዝቡ ልዩነቱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፣ በደንብ አስረዳን። የጦር ጠመንጃ እንጨቱ ረጅም ነው፣ ብረቱን እስከ አፈሙዙ ድረስ ያለብሰዋል፣ ጫፉ ላይም ሳንጃ መሰኪያ አለው። የአደኑ ግን እንጨቱ አጭር ነው፣ ሰደፉ ላይ ጌጥ ይቀረጽበታል፣ ሳንጃም የለውም። አዳኝ ድኩላን በሳንጃ አይወጋማ።

አንዲት ባልቴት ተነሡና «ጥይቱስ?» አሉ።

«ጥይቱ እንኳ አንድ ሊሆን ይችላል፣ እማማ።»

«ታዲያ ድኩላው ልዩነቱን በምን ያውቃል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ታፈሰ ብቻ አልሳቀም። ያስብ ነበር።

በማግሥቱ መጋዙን አወጣ። የምንሽሩን እንጨት ከመሐሉ ቆረጠው፣ የሳንጃውን መሰኪያ በሞረድ አነሣው፣ ሰደፉ ላይ ድኩላ ቀረጸበት። ቁም ሣጥን ላይ አበባ ሲቀርጽ እጁን ያዩ ሰዎች ይመሰክሩለታል፤ እንስሳ ላይ ግን እንዲያ አልነበረም። ቀበሌ ይዞት ሲሄድ ሊቀመንበሩ ሰደፉን አገላብጦ አየና «ፍየል ነው እንዴ የምታድነው?» አለው።

«ድኩላ ናት፣ ጓድ።»

ተመዘገበለት። ያን ቀን ቤታችን ሠርግ መሰለ። ጋሼ ታፈሰ ጠመንጃውን ታቅፎ ሲያንጎራጉር ዋለ።

ደስታው ብዙም አልቆየም። ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አሁን ደግሞ መመሪያው ተገለበጠ። አደን የፊውዳል መዝናኛ ስለሆነ የአደን መሣሪያ ሁሉ ይሰበሰባል። የጦር መሣሪያ የነበረው ግን፣ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ሰፈሩን ለመጠበቅ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ያስረከበው እንኳ ይመለስለታል። የጋሼ ታፈሰን ፊት ማየት አቃተኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነው፣ እሱ ደግሞ ሊያለቅስ ነው።

ምን ያድርግ? አዲስ እንጨት አለዝቦ በኮላ ገጠመ። አዲሱ ገበያ ከሚሠራ በያጅ ዘንድ ወስዶ የሳንጃ መሰኪያ አስበየደ። ድኩላዋንም ፍቆ ፍቆ ኮከብ አደረጋት። ቀንዶቿ ግን እምቢ አሉ፤ ባለ ቀንድ ኮከብ ሆነች።

ሦስታችንም ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን ተቀብሎ ኮከቡ ላይ ዓይኑን ተከለ። «ይህቺ ፍየል አይደለችም?» አለ ቀስ ብሎ።

ያኔ ሳቄ ጠፋ። በዚያ ዘመን በመሣሪያ ነገር አይቀለድም፤ ሰው በትንሹም ይታሰር ነበር። አስካለ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«እንጨቱ ሲዋሸን ኖሯል፣ ይተኮስና እንየው» አለ ሊቀመንበሩ። ወደ ቁስቋም ዳገት፣ ቤት ወደሌለበት ባሕር ዛፍ ይዞን ወጣ። ጋሼ ታፈሰ ጥይት አጎረሰ፣ አነጣጠረ፣ ቃታውን ሳበ። ዝም። ጥይት ቀየረ። አሁንም ዝም።

ሊቀመንበሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «ደህናውን ደብቀህ ይህን አመጣህልን? ይህ አሻጥር ነው።»

ጋሼ ታፈሰ ላብ በላብ ሆነ። ይሄኔ እህቴ እጄን ለቀቀችና ወደ ፊት ወጣች።

«የሱ ጥፋት አይደለም። ጥይቱን የምትመታውን መርፌ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለች። «በመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ጊዜ በደስታ ተኩሶ የጎረቤት ቆርቆሮ በሳ። በማግሥቱ ፈትቼ አወጣሁና ወንዝ ጣልኳት። አባቴ ወታደር ነበር፣ መሣሪያ መፍታት አስተምሮኛል።»

ሊቀመንበሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጠመንጃውን አየ። ከዚያ ሳቅ ጀመረው። ሳቁ አላስቆም ሲለው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን እየጠረገ «የጦርም አይደለም፣ የአደንም አይደለም። አናጢ ቤት የተሠራ የቤት ዕቃ ነው። ወስደህ ስቀለው» አለው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሼ ታፈሰ ጠመንጃውን ታቅፎ ከፊት ከፊታችን ሄደ። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ቆመ።

«ያን ጊዜ ሌባ በአጥር ሲዘል፣ ይህንን ደግኜበት በሩ ላይ ስቆም፣ መርፌ እንደሌለው ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ዝም አልሽ?»

አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሌባው አላወቀ፣ አንተም አላወቅህ። ብነግርህ ኖሮ አንተ ነበርክ አጥሩን የምትዘለው።»